የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግሪክ ወንድ ልጆችና የመርከበኛ ልብስ

በአሮጌ የግሪክ ቤተሰብ ፎቶዎች ላይ ሰፊ ኮሌታና ነጭ ጥብጣብ ያለው የመርከበኛ ልብስ የለበሰ ወንድ ልጅ ደጋግሞ ይታያል። ስለዚህ ልብስ ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡትን እነሆ። ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የካቲት ስንል ፌብሩዋሪ፣ መጋቢት ስንል ማርች ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ግሪኮች ከጥንት ጀምሮ የባሕር ሰዎች ናቸው። ይህ የልጆች ልብስ ከደሴቶቻቸው የወጣ ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የግሪክ ደሴት መርከበኛ የራሱ ልብስ ነበረው፤ ቭራካ ይባላል። ቭራካ ከወገብ እስከ ጉልበት ድረስ በብዙ ጨርቅ የተንዘረፈፈ ሰፊ ሱሪ ነው፤ ከላይ አጭር ሰደርያ ይደረባል፣ ወገቡ በመቀነት ይታሰራል። በ1821 በተነሣው የነጻነት ጦርነት መርከቦቻቸውን ያሰለፉት የሃይድራ፣ የስፔትሴስና የፕሳራ ሰዎች በሥዕል የሚታዩት በዚህ ልብስ ነው።

ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። በ1846 ንግሥት ቪክቶሪያ ገና አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አልበርት ኤድዋርድን በንጉሣዊቷ መርከብ ላይ የተራ መርከበኛ ልብስ በልኩ አሰፍታ አለበሰችው። ሠዓሊው ፍራንዝ ዣቨር ዊንተርሃልተር በዚያው ዓመት ልጁን በልብሱ ሣለው፤ ሥዕሉም በኅትመት ተባዝቶ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ልብሱ ከአንዱ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ተዛመተ። ከነገሥታቱ ቀጥሎ ደግሞ ባለጸጋው የከተማ ሰው ተቀበለው።

ግሪክም የገባው በዚሁ መንገድ፣ በቤተ መንግሥት በኩል ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ ባቫሪያዊው ኦቶ ሽብሽቦ የበዛበትን ነጭ የተራራ ሰዎች ልብስ፣ ፉስታኔላን፣ የቤተ መንግሥት ልብስ አደረገ፤ የውጭ አገር ሰው ስለነበር ግሪካዊ መምሰል ነበረበት። በ1862 እሱ ከዙፋኑ ሲወርድ በቦታው የተመረጠው የዴንማርኩ ልዑል፣ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ፣ በባሕር ኃይል ተምሮ ያደገ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። በ1867 ያገባት ኦልጋ የሩስያን ባሕር ኃይል ይመራ የነበረው የታላቁ መስፍን ቆንስጠንጢን ልጅ ናት። ሁለተኛ ልጃቸው ልዑል ጊዮርጊስም ለባሕር ኃይል ትምህርት ወደ ዴንማርክ ተልኳል። የበኩር ልጃቸው ቆንስጠንጢን በ1889 የጀርመኑን ቄሣር የዳግማዊ ዊልሄልምን እኅት ሶፊያን አገባ። ቄሣሩ ባሕር ኃይል የሚባል ነገር ሲነሣ ራሱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ነበር፤ ልጆቹንም በመርከበኛ ልብስ ነው ያሳደገው። በእናትም በአባትም፣ በአያትም በአጎትም በኩል ከመርከብ ጋር የተሳሰረ እንዲህ ያለ ቤት ልጆቹን ሌላ ነገር ቢያለብስ ነበር የሚገርመው።

ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ የያዙት የአቴንስ፣ የፒሬየስና የኤርሙፖሊ ነጋዴዎች፣ ሐኪሞችና ጠበቆች ናቸው። ከመንግሥቱ ወሰን ውጭም በሰምርኔስና በእስክንድርያ የሚኖሩ ባለጸጋ ግሪኮች ልጆቻቸውን እንዲሁ አልብሰዋል። ስለዚህ አንድ አስቂኝ ነገር ይታያል፤ ባሕር ባየ ቁጥር የሚያጥወለውለው የአቴንስ ባንክ ሹም ልጅ መርከበኛ መስሎ ፎቶ ሲነሣ፣ እውነተኛው የመርከበኛ ልጅ በደሴቱ ላይ ከአባቱ አሮጌ ልብስ ተቆርጦ የተሰፋለትን ለብሶ ይሮጥ ነበር። በአሮጌ ፎቶ ላይ የመርከበኛ ልብስ ስናይ ልንገምት የሚገባን የከተማ ቤተሰብና ለልብስ የሚተርፍ ገንዘብ ነው፤ ስለ አባትየው ሥራ የሚነግረን የለም።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ የወረስኩት ፎቶ ላይ ሁለት ወንድማማቾች የመርከበኛ ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ጀርባው ላይ በግሪክኛ አቴንስ፣ የካቲት 3 ቀን ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱ ግን ተፍቋል። ዘመኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ከላይ ወደ ታች ይሂዱ። መጀመሪያ ባርኔጣውን ይመልከቱ። በባርኔጣው ዙሪያ ባለው ጥቁር ጥብጣብ ላይ የመርከብ ስም ካለ አጉሊ መነጽር ያንሡ። ስሙ «አቬሮፍ» ከሆነ ፎቶው ከ1910 በፊት ሊሆን አይችልም። የጦር መርከቧ በጣሊያኗ ሊቮርኖ ውኃ ላይ የወረደችው በዚያ ዓመት ነው፤ ግሪክ የደረሰችው ደግሞ በ1911። በ1912 መጨረሻ በኤሊ፣ በ1913 መጀመሪያ በሌምኖስ የባሕር ውጊያዎች ድል ካደረገች በኋላ ስሟን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ከእነዚህ ድሎች በኋላ ባሕር ኃይልን መምሰል ከውጭ የመጣ ፋሽን መሆኑ ቀርቶ አገር መውደድም ሆነ። የእንግሊዝኛ ስም ካዩም አይደንግጡ። ከውጭ የመጣ የተሰፋ ልብስ ብዙ ጊዜ የውጭ መርከብ ስም ይዞ ይመጣ ነበር።

ቀጥሎ እግር። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ሱሪው ከጉልበት በታች ይደርስና ጠቆር ያለ ረጅም ካልሲ ይከተለዋል። ወደ 1910ዎቹ ሲጠጋ ጉልበት ላይ ይቆማል። በ1920ዎቹ ጉልበቱ ራቁቱን ይወጣል፣ ካልሲውም አጥሮ ይታጠፋል። ይህ ግን በአምስትና በስምንት ዓመት ሊዛነፍ ይችላል፤ ታናሹ የታላቁን ልብስ ይወርሳል፣ እናትም ለዕድገት ብላ ትልቅ ታሰፋለች። ሁለት ወንድማማቾች ካሉ የታላቁን ልብስ ይመኑ።

ፎቶው በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ 11 በ16 ሴንቲ ሜትር ግድም ከሆነ ከ1860ዎቹ መጨረሻ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ የተለመደው ዓይነት ነው። ጀርባው የፖስታ ካርድ መስመር ካለው ከ1900 ወዲህ ያለ ነው።

የተጻፈው ቀን ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። ግሪክ በመንግሥት ሥራ የዩልዮስን አቆጣጠር ትታ ወደ ጎርጎርዮሱ የተሻገረችው በ1923 ነው፤ ከየካቲት 15 ማግስት መጋቢት 1 ሆነ። ስለዚህ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሣ ከሆነ የካቲት 3 ያሉት ቀን በዛሬው አቆጣጠር ወደ የካቲት 16 ይሄዳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ 13 ሳይሆን 12 ቀን ስለሆነ ወደ የካቲት 15። ፎቶውን ከልደት ወይም ከክርስትና መዝገብ ጋር የሚያመሳክሩ ከሆነ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር መጻፋቸውን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኮሌታው ላይ ያሉት ሦስት ነጭ መስመሮች የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ሦስት ድሎች ምልክት ናቸው ይባላል። በግሪክስ ከባንዲራቸው መስመሮች ጋር ይገናኛሉ?

ሁለቱም የለም። የእንግሊዝ ተራ መርከበኞች ወጥ የደንብ ልብስ የተደነገገላቸው በ1857 ነው፤ ኔልሰን ከሞተ 52 ዓመት አልፎት። ድንጋጌው ስለ ድሎቹ አያነሣም፤ ተረቱ በኋላ የተለጠፈ ነው። የግሪክ ባንዲራ ዘጠኝ መስመሮች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሕዝቡ «ነጻነት ወይም ሞት» በሚለው የግሪክኛ መፈክር ውስጥ ካሉት ዘጠኝ የቃል ክፍሎች (ሲላብሎች) ጋር ያገናኛቸዋል፤ ከኮሌታው ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ሰማያዊና ነጭ መሆናቸው መገጣጠም ነው፤ ይሁንና ልብሱ በግሪክ ዓይን እንዳይጎረብጥ የረዳ መገጣጠም ነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ነበር?

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደንብ ልብስ አልነበረም፤ ወላጅ ከፈለገ ያለብሰው ነበር እንጂ። የግሪክ ተማሪ ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ የሁለተኛ ደረጃ ወንዶች የጉጉት ምስል ያለበት ባርኔጣ፣ ሴቶቹ እስከ 1982 ድረስ ያልተነሣላቸው ሰማያዊ ሽርጥ መሰል ካባ። በ1936 ሥልጣን የያዘው የሜታክሳስ አገዛዝ ያቋቋመው የወጣቶች ድርጅትም ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ከነጭ ክራባት ጋር ያለብስ ስለነበር አንዳንድ ሰው ፎቶውን አይቶ ከመርከበኛ ልብስ ጋር ያምታታዋል። መለያው ኮሌታው ነው፤ ጀርባ ላይ የወረደ አራት ማዕዘን ከሌለ የመርከበኛ ልብስ አይደለም። የባሕር ስካውቶች ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱ ለመርከብ ሥራ ብለው ነው የሚለብሱት።

ጥያቄ፦ ታሪኩ በ1905 አቴንስ ውስጥ ለሚካሄድ ቴአትር አልባሳት እያዘጋጀን ነው። የ3፣ የ7 እና የ12 ዓመት ወንድማማቾች አሉ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት የመርከበኛ ልብስ ብናለብሳቸው ስሕተት ይሆናል?

ስሕተት ባይሆንም ትልቅ ዕድል ያመልጣችኋል፤ በዚያ ዘመን ዕድሜ የሚነበበው ከወገብ በታች ነበርና። የሦስት ዓመቱ ሱሪ ገና አልታጠቀ ይሆናል፤ የመርከበኛ ሸሚዝ ከሽብሽቦ ቀሚስ ጋር ይልበስ። ተመልካቹ ሴት ልጅ ናት ብሎ ቢደናገር አያስቸግርም፤ ኮሌታው ስለ ቤተሰቡ፣ ቀሚሱ ስለ ዕድሜው ይናገራል። የሰባት ዓመቱ ጉልበት ላይ የሚቆም ሱሪ፣ ጥቁር ረጅም ካልሲ፣ በቁልፍ የሚዘጋ ቦት ጫማ። በጋ ከሆነ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ይጨመርለት። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ከልብሱ ሊወጣ አፋፍ ላይ ነው። ወይ ረጅም ሱሪ ያለው የመርከበኛ ልብስ ይልበስ፣ ወይም ኮትና ክራባት ይሰጠውና በታናናሾቹ ላይ ይኩራራ። ለድራማ ሁለተኛው ይሻላል።

መጋቢት 25፣ የነጻነት ቀን፣ የሚታይበት ትዕይንት ካላችሁ የሰባት ዓመቱን ፉስታኔላ አልብሱት። የከተማ ልጅ ሁለቱንም ሊኖረው ይችላል፤ መርከበኛው ለእሑድና ለፎቶ ቤት፣ ፉስታኔላው ለአገር በዓል።

ልብሱን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዚፕ በልጆች ልብስ ላይ የተለመደው በ1930ዎቹ ስለሆነ በ1905 ቦታ የለውም፤ ሸሚዙ ራስ ላይ ይጠለቅ ወይም በቁልፍ ይዘጋ፣ ሱሪውም ከውስጥ እጀ ጠባብ ጋር በቁልፍ ይያያዝ። የወገብ ላስቲክ ጨርቁን ሰብስቦ ዛሬ ዛሬ ያስመስለዋል። የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር በመድረክ መብራት ሥር ወዲያው ይታወቃል፤ ለክረምት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ፣ ለበጋ ነጭ የጥጥ ድሪል፣ ማለትም ወፈር ያለ ጠንካራ ጨርቅ፣ ውሰዱ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የትከሻ ወርቀ ዘቦ ነው። ልብሱ የሚያስመስለው ተራውን መርከበኛ ነው፤ የመኮንን ማዕረግ ሲጨመርበት አንድ ሰው ላይ ወታደርና ጄኔራል አብረው ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ የግሪክ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ወንድ ልጃቸው ክርስትና የመርከበኛ ልብስ አዝዞኛል። እንዴት ልሥራው? ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

ዛሬ ልብሱ በግሪክ በብዛት የሚታየው በዚሁ በክርስትና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1941ዱ ክረምት ረኃብና እስከ 1949 ከዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የዕለት ልብስ መሆኑ እየቀረ ሄደ፤ ለክርስትናና ለሠርግ አጃቢ ሕፃናት ግን ቀረ። ናፍታኪ፣ ማለትም ትንሹ መርከበኛ፣ ይሉታል። ልብሱን የሚገዛው የክርስትና አባቱ፣ ኖኖሱ፣ ስለሆነ ልክና ጨርቅ ከወላጆች፣ ክፍያና ምርጫ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። አለዚያ ሁለት ትእዛዝ ይደርስዎታል።

መጀመሪያ ልብሱ የሚለበስበትን ሁኔታ ያስቡ። በግሪክ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ሕፃኑ ልብሱን አውልቆ ሰውነቱ በዘይት ይቀባል፣ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፣ ሜሮን ይቀባል፤ ከዚያ ነው አዲሱ ልብስ የሚለበሰው። ስለዚህ እጅዎ ላይ የሚደርሰው ልጅ በዘይት የሚያዳልጥ፣ የሚያለቅስና የሚወራጭ ነው። ራስ ላይ የሚጠለቅ ሸሚዝ ለእንዲህ ያለ ሰዓት አይሆንም። ከአንገት እስከ ታች የሚከፈት አድርገው በስውር ቁልፎች ይዝጉት፤ ኮሌታው ከፊት ሲገናኝ መክፈቻውን ይሸፍነዋል። ዋናው ጨርቅ ነጭ ጥጥ ይሁን። ሐር የዘይት ነጠብጣቡን አይለቅም፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅም ዘይቱን እንደ ጥላ ያሳያል። ከሥሩ የሚለበስ ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራም አብረው ያዘጋጁ፤ አብዛኛውን ዘይት የሚጠጣው እሱ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ልብስ የማይወዱ ካህናት ስላሉ ቤተሰቡ ቀድሞ ይጠይቅ።

ልጁን ራሱን ይለኩ እንጂ በዕድሜ አይተማመኑ። የአንድ ዓመት ልጅ ደረት በአማካይ 48 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተሰፋው ሸሚዝ 58 ይሁን፣ ምክንያቱም ከሥሩ ካናቴራ አለ። 1 ሜትር ከ40 ወርድ ያለው ነጭ ድሪል 1 ሜትር ለሸሚዝና ለቁምጣ ይበቃል። ለኮሌታና ለእጅጌ ጫፍ ሰማያዊ ጨርቅ 40 ሴንቲ ሜትር፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ጥብጣብ 4 ሜትር ያስፈልግዎታል።

መቀስ ከመያዝዎ በፊት ሦስቱንም በሙቅ ውኃ ይጠቡና ይተኩሱ። ይህን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ቅጣት አንድ ነው፤ ጥብጣቡ ከጨርቁ የበለጠ ይገባና ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ኮሌታው ይኮማተራል፣ ጫፉም ወደ ላይ ይጠቀለላል። ሰማያዊውን ደግሞ ለብቻው ይፈትኑት፦ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከላዩ አድርገው በጋለ ካውያ ይጫኑት። ነጩ ከጠቆረ ደግመው ይጠቡ። ሦስት ጊዜ ታጥቦም የሚለቅ ጨርቅ ከሆነ ይተዉት፤ ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያስይዛሉ የሚባለው ለዛሬ ቀለሞች አይሠራም። እውነተኞቹ መርከበኞች ችግሩን የፈቱት ኮሌታውን ከሸሚዙ ለይተው በማሠራት ነበር። እርስዎም በቁልፍ የሚነቀል ኮሌታ ቢሠሩለት ማንም አይከፋም።

ኮሌታው ከኋላ 21 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ከትከሻ ስፋት አያስበልጡት፤ ከበለጠ ሕፃኑ በተቀመጠ ቁጥር ወደ ጆሮው ይነሣል። የታችኛውን ኮሌታ ዙሪያውን በ2 ሚሊ ሜትር ያሳንሱ። እኩል ከሆኑ የታችኛው ጠርዝ ይወጣና ይታያል።

ጥብጣቡ የሚሰፋው ሁለቱ ኮሌታዎች ከመጋጠማቸው በፊት፣ በላይኛው ላይ ብቻ ነው። ከተሰፋው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው የመጀመሪያውን መስመር በጠመኔ ያስምሩ፤ የስፌት ትርፉን መጨመርዎን አይርሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይረሳና ጥብጣቡ ጠርዝ ላይ ይወጣበታል። በመስመሮቹ መካከል የጥብጣቡን ያህል፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ ይተዉ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ኮሌታ ሁለት መስመር ከሦስት ያምራል፤ ሦስተኛው መሐሉን ያጨናንቀዋል። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ይተዉ፣ ጥብጣቡን ወደ ኋላ አጥፈው በ45 ዲግሪ ይመልሱት፣ ከዚያ ይቀጥሉ። የጥብጣቡን ሁለት ጠርዞች በአንድ አቅጣጫ ይስፉ። አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች የሰፉ እንደሆነ ጥብጣቡ ይጣመማል፣ ካውያም አያቃናውም።

ከፊት የሚንጠለጠለውን ጥብጣብ አንገት ላይ አይሰሩ። ቋጠሮውን ለብቻው ቋጥረው በትንሽ ቁልፍ ኮሌታው ላይ ያያይዙት፤ ሲጎተት ይለቅቃል እንጂ ልጁን አያንቅም። ፊሽካና ገመዱንም ለፎቶ ያህል ካልሆነ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከ1920ዎቹ የቆየ ነጭ የመርከበኛ ልብስ በሣጥን ውስጥ አለን። ቢጫ ሆኗል፣ ቁልፎቹ ዙሪያም ቡናማ ነጠብጣብ አለ። በበረኪና ልናነጣው እንችላለን?

በረኪና አያስነኩት። ያረጀ የጥጥ ክር ቀድሞውኑ ደክሟል፤ በረኪናው ይበልጥ ይበላዋል። ቡናማው የብረት ዝገት ከሆነ ደግሞ በበረኪና ይባስ ይጠነክራል። በመጀመሪያ ኮሌታው ቀለም ይለቅ እንደሆነ በእርጥብ ነጭ ጥጥ የማይታይ ቦታ ላይ ይፈትኑ። ከለቀቀ ልብሱን ጨርሶ ውኃ አያግቡት። ካልለቀቀ ብረት የሆኑትን ቁልፎችና መርፌ ቁልፎች ያውጡ፣ ልብሱን በመረብ ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፉት፤ ውኃው ሲደፈርስ ይቀይሩ። አይጭመቁ፣ እርጥቡንም በትከሻው አያንሡት፤ ውኃ ያዘለ አሮጌ ስፌት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገው ያድርቁት። ከማስቀመጥዎ በፊት ስታርች አይቀቡት፤ ነፍሳት ይወዱታል፣ እጥፋቱም ላይ ይሰነጣጠቃል።

በዚያው ሣጥን ውስጥ የክረምቱ የሱፍ ልብስ ካለና ብል የበላው ቀዳዳ ካዩ በላስቲክ ከረጢት በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ካልጠበቁ ጨርቁ ላይ ጤዛ ይወርዳል፣ ሰማያዊውም ቀለም ወደ ነጩ ጥብጣብ ይሰርጋል።